ክፍል የደገመው ፀጉር አስተካካይ

ወሬ እወዳለሁ። ይህን ስል አላፍርም፤ ከሙያዬ ጋር የመጣ ነው። ጎፋ ውስጥ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ ሁለት ወንበርና አንድ ረጅም መስታወት ያላት ፀጉር ቤት ነበረችኝ፤ ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ለፀጉሩ ብቻ እንዳልሆነ እሱም እኔም እናውቃለን። መንግሥት ከተለወጠ ሦስት አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ጋዜጣው በዝቷል፣ ወሬው በዝቷል፣ ሁሉም ሰው ወንበሩ ላይ ቁጭ ሲል አፉን ይከፍታል። እኔም ከማንም አላንስም ነበር። ጡረታ የወጡ አንድ የመሬት ቀያሽ ደንበኛ ነበሩኝ፤ "አንተ ጋ ለመቆረጥ ስንቅ ይዞ መምጣት ነው" እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

እንዲህ ያለሁት ለፍላፊ ቤቴ ስገባ ከገዛ ልጄ ጋር ሁለት ቃል መለዋወጥ አልችልም ነበር።

ልጄ መስማት የተሳናት ናት። በአራት ዓመቷ ማጅራት ገትር ታማ ዳነች፤ ጆሮዋ ግን አልዳነም። ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ መካኒሳ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ በምልክት ቋንቋ ትማራለች። ባለቤቴ ከልጇ እኩል ነው የተማረችው። ልጅቷ ከክፍል ይዛ የመጣችውን ምልክት እየተቀበለች፣ በአንድ እጇ ወጥ እያማሰለች በሌላው የምታወራ ሆነች። እኔ ደግሞ አስተርጓሚ እንዳለው ሚኒስትር ወንበሬ ላይ ተደላድዬ ትእዛዝ እሰጣለሁ። "ራት ቀርቧል በያት።" "አጥኚ በያት።" "ጫማዋን የት ነው የጣለችው? ጠይቂልኝ እስቲ።" ባለቤቴ ሲመራት "አንተ እጅ የለህም?" ትለኛለች። እጅማ አለኝ፤ ጊዜ ነው የሌለኝ እላለሁ። አርባ አምስት ዓመት የሞላው ሰው አዲስ ቋንቋ አይገባውም እላለሁ። ሰበብ ሞልቶኝ ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ የወላጆች ቀን ተባለና ሄድን። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል፣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፣ ለስላሳ ይታደላል። ልጆቹ ተራ በተራ እየወጡ ለወላጆቻቸው አንድ ነገር ይላሉ፤ አንዲት መስማት የምትችል መምህርት ከጎን ቆማ በእጃቸው የሚሉትን በድምፅ ታስተረጉማለች። አንዱ አባቱን ብስክሌት ጠየቀ። አንዷ እናቷ የምትሠራው ሽሮ ከጎረቤት ሽሮ እንደሚበልጥ መሰከረች። ሰው ሁሉ እየሳቀ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ያርገበግባል፤ እዚያ ጭብጨባ ማለት እንደዚያ ነው።

የልጄ ተራ ደረሰ። መጀመሪያ እናቷን አየችና ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። ባለቤቴ ትርጉሙን ሳትጠብቅ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ አበሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እጇን አነሳች፣ ትንሽ አሰበች፣ ሁለት ሦስት አጫጭር ምልክት አሳየችና ወርዳ ሄደች። መምህርቷ አልተረጎመችም።

"ምን አለች?" አልኩ ጮክ ብዬ።

መምህርቷ ባለቤቴን አየቻት፤ ባለቤቴ መሬቱን አየች። "እ... 'ለአባቴ የምለውን ለእናቴ እነግራታለሁ፤ እሷ ትነግረዋለች' ነው ያለችው።"

ሰው ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፣ የልጅ ቀልድ መስሏቸው ነው። እኔም ሳቅኩ፤ እንዲያውም ድንኳኑ ውስጥ የኔን ያህል የሳቀ አልነበረም። ወደ ጎፋ በእግራችን ስንመለስ ግን ሳቁ ጠፋ። ሁለቱ ከፊቴ ጎን ለጎን እየሄዱ በእጃቸው ያወራሉ፤ እኔ ሦስት እርምጃ ያህል ከኋላ ሆኜ የልጅቷን ቦርሳ ተሸክሜ እከተላለሁ። መሐል ላይ ልጄ አንድ ነገር አለች፣ ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ፣ ሁለቱም ሳቁ። ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አላውቅም። ቀናሁ። በገዛ ሚስቴ ቀናሁ። ልጄ በራሷ እጅ ለእኔ፣ ለእኔ ብቻ፣ አንድ ነገር እንድትነግረኝ ፈለግኩ። ያን ቀን ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

ትምህርት ቤቱ ለቤተሰብ የሚሰጠው ትምህርት ጥቅምት ላይ ጀመረ፤ ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት። ቅዳሜ ከሰዓት! ጎፋና መካኒሳ ያለ ወንድ ሁሉ ለሠርግ፣ ለማኅበር፣ ለእሑድ ቤተ ክርስቲያን ፀጉሩን የሚያስተካክለው ያኔ ነው። ሌላ ቀን ይሁንልኝ ብዬ ልጠይቅ አሰብኩና አሥራ ሁለት ሰው ስለ እኔ ፀጉር ቤት ምን አገባው ብዬ ተውኩት። በሬ ላይ "ቅዳሜ ከሰዓት ትምህርት አለኝ" ብዬ በካርቶን ጽፌ ለጠፍኩ። ቀያሹ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡና "ምን ልትሆን ነው?" አሉኝ።

"ዶክተር" አልኳቸው።

"እንግዲያው የኔን ወገብ አስቀድም።"

ክፍሉ ውስጥ ሴቶች ይበዛሉ። ሌላ አንድ አባት አንድ ቅዳሜ መጥቶ ሁለተኛ አልታየም። ከጎኔ የሚቀመጡት ከሀና ማርያም የሚመጡ፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ነበሩ፤ የልጅ ልጃቸው እዚያ ይማራል። ሲገቡ መጀመሪያ ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ አመሳቅለው ከኋላ ይቋጥሩታል፣ እጃቸው ነጻ እንዲሆን። ከዚያ "በል ልጄ፣ እንጀምር" ይሉኛል፣ የሚያስተምሩት እሳቸው ይመስል።

አስተማሪያችን ራሱ መስማት የተሳነው ወጣት ነበር፤ ቢበዛ ሃያ አምስት ዓመት። የመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ በትልቁ "ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው" ብሎ ጻፈና ጠመኔውን አስቀመጠ። ለሁለት ሰዓት ያህል ማንም አንዲት ቃል አይተነፍስም። ሌላው ሰው እንዴት እንደቻለው አላውቅም፤ እኔ ምላሴን አሳከከኝ። እረፍት ላይ ግቢ ስንወጣ የጥበቃውን ሠራተኛ ይዤ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሳላቋርጥ አወራሁለት። ሰውየው ግራ ገብቶት አየኝ።

ምልክቶቹን የሚያሳይ በሥዕል የተሠራ መጽሐፍ ተሰጠን። እኔ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ከመስታወቴ አጠገብ እየሰካሁ፣ ደንበኛ ሲጠፋ መስታወቱ ፊት ቆሜ እለማመዳለሁ። ሦስት ሳምንት በደንብ ሠራሁ። አራተኛው ቅዳሜ አስተማሪው ወደ ፊት ጠራኝ፤ ወጣሁና የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩት። እሱ እጁን አጣጥፎ እስከ መጨረሻው አየኝና ሰሌዳው ላይ "ግራኝ ነህ?" ብሎ ጻፈ። አይደለሁም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰውን የማየው በመስታወት ውስጥ ነው፤ በመስታወት የደንበኛዬ ቀኝ ጆሮ በቀኝ በኩል ነው የሚታየኝ። የሥዕሉንም እጅ እንደዚያው ወስጄ፣ ሁሉንም ነገር በግራ እጄ ተምሬዋለሁ። የተማርኩትን ትቼ እንደገና በቀኜ ጀመርኩ።

ይህ ግን ቀላሉ ነው። ዋናው ስህተቴ ሌላ ነበር፤ ያንን ደግሞ የተከሉብኝ እናቴና አባቴ ናቸው። እኔ ያደግኩበት ቤት ልጅ የሚቆጣውን ሰው ዓይን ዓይኑን አያይም። ሲገሥጹት አንገቱን ይደፋል፣ መሬት መሬት ያያል፣ "እሺ" ይላል። አስተማሪ ደግሞ አስተማሪ ነው፣ ልጄ ሊሆን የሚችል ቢሆንም። እናም አስተማሪው ስህተቴን ሊያርመኝ እጁን ባነሳ ቁጥር እኔ በአክብሮት አንገቴን እደፋለሁ፤ ራሴን እየነቀነቅኩ እሺ፣ እሺ። እሱ ያርማል፣ እኔ ወለሉን አያለሁ። እንደገና ስሞክር ያንኑ ስህተት እደግመዋለሁ። እሱ እንደገና ያርመኛል፤ እኔም ይበልጥ አፍሬ ይበልጥ አቀረቅራለሁ። ምስኪኑ ልጅ የሚያደርገው ጠፋው። ባለጌ ተማሪ ገጥሞት ያውቅ ይሆናል፤ የእኔ ዓይነት ጨዋ ግን አልገጠመውም።

እረፍት ላይ የሀና ማርያሟ እናት ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። "አንተ ልጅ፣ እዚያ ወለል ላይ ምን ጥለህ ነው?"

"ምንም አልጣልኩም እማማ።"

"ታዲያ ሲናገሩህ ምን ትፈልጋለህ? ሰውየው የሚናገረው በእጁ ነው። አንተ መሬት መሬት ስታይ ጆሮህን መድፈንህ እኮ ነው።"

"አክብሬው ነዋ።"

"አይ፣ እንዲህ ያለው አክብሮት ለሱ ስድብ ነው" አሉኝ። "እኔም ለምዶብኝ ነበር። የልጅ ልጄ አገጬን ይዞ ቀና እያደረገ አስተወኝ።"

ማወቅና መተው ግን ለየብቻ ናቸው። አርባ አምስት ዓመት የተደፋ አንገት በአንድ ምክር ቀና አይልም። ጥር ላይ ፈተና ሆነ፤ በሳምንቱ ውስጥ የሠራኸውን ነገር በምልክት ተናገር፣ የምትጠየቀውንም መልስ ነው። የተዘጋጀሁትን ተናገርኩ። ሲጠይቀኝ ግን ደነገጥኩና ዓይኔ ወደ ጫማዬ ሄደ። ጥያቄውን ሳላየው መለስኩ። ከአሥራ ሁለት ሰው አንድ ሰው ወደቀ። ወረቀቴ ላይ "ይድገም" የሚል ተጻፈበት። የሀና ማርያሟ እናት አልፈው፣ እኔ በጎልማሳነቴ ክፍል ደገምኩ። በልጅነቴ እንኳ ደግሜ አላውቅም።

ቤት ገብቼ መጽሐፉን ቁም ሳጥን ላይ ወረወርኩት። ልጄ ጎረቤት ነበረች። "በቃኝ!" አልኩ። "ደንበኞቼን አባረርኩ፣ የሰፈር መሳቂያ ሆንኩ። እሷም ብትሆን የኔን ምልክት አይታ መልሱን ለአንቺ ነው የምትሰጠው! ለማን ብዬ ነው የምለፋው?" ይህኛው እውነት ነበር። ሰላም ስላት ወደ እናቷ ዞራ ነበር የምትመልሰው፣ እኔ ስልክ ላይ ያለሁ ይመስል።

ባለቤቴ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። "የምትፈራውን አውቃለሁ" አለችኝ። ከዚያ በላይ አልጨመረችም። እኔም ምን ማለትሽ ነው ብዬ አልጠየቅኋትም፤ ገብቶኛል።

ያኔ በአራት ዓመቷ ልጄ የታመመችው የፋሲካ ዋዜማ ነው። የበዓል ዋዜማ ፀጉር ቤት ምን እንደሚመስል የታወቀ ነው፤ ሰው ደጅ ድረስ ተሰልፏል፣ እኔ ምሳ አልበላሁም፣ ወሬው ሞቋል። ባለቤቴ እየሮጠች መጣች። "ልጅቷ እንደ እሳት ትፋጃለች፣ አንገቷን ማዞር አቃታት" አለችኝ። እኔ ምላጬን ከሰውየው አንገት ላይ ሳላነሳ፣ ዞር ብዬ እንኳ ሳላያት፣ በመስታወቱ ውስጥ አይቻት፣ "ጉንፋን ነው፤ በዓሉ ይለፍና እንወስዳታለን" አልኳት። በዓሉ አለፈ። ሐኪሙ "ቀደም ብላችሁ ብታመጧት..." ብሎ ጀመረና ተወው። ጆሮዋ ይተርፍ ነበር ወይስ አይተርፍም፣ እርግጡን የነገረኝ የለም። እኔም ደፍሬ አልጠየቅኩም።

እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "ጊዜ የለኝም" ያልኩት ለዚህ ነበር። ከልጄ ጋር ቋንቋ ከኖረን አንድ ቀን ትጠይቀኛለች። ቋንቋ ከሌለን አትጠይቀኝም። ይህን ለራሴ እንኳ በግልጽ ብዬው አላውቅም ነበር። ባለቤቴ ሽንኩርቷን ከትፋ ስትጨርስ ተነስቼ መጽሐፉን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩት። አቧራ ለመያዝ እንኳ አልደረሰም ነበር።

በሁለተኛው ዙር ከአዲሶቹ ተማሪዎች መሐል ነባር ሆኜ ተቀመጥኩ። አስተማሪው እኔን ለማዳን ሳይሆን አይቀርም አዲስ ልምምድ አመጣ። አምስት ደቂቃ በመስኮቱ ወደ ውጭ እንድናይ ያደርገናል፤ ከዚያ ያየነውን በእጃችን እንድንነግረው። ቀላል መሰለኝ። አምስቱ ደቂቃ ሲያልቅ ግን የምነግረው አጣሁ። ዓይኔ መስኮቱ ላይ ነበር፤ ልቤ ፀጉር ቤት ነበር፣ ማን መጥቶ ማን ተመለሰ እያለ። አጠገቤ ያለችው ሴት ድመት አጥር ላይ ስትሄድ አይታለች፣ የተሰጣ ልብስ ሲወድቅ አይታለች፣ አንድ ሰው የጫማውን ጠጠር ሲያራግፍ አይታለች። እኔ መስኮት አየሁ።

ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ቅዳሜ ላይ ይመስለኛል፣ አንዲት ሴትዮ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ታክሲ ስትጠብቅ አየሁ። ሦስት ታክሲ አመለጣት። በሦስተኛው ሳቀች። ለምን እንደሳቀች አላውቅም፤ ስትስቅ ግን አየሁና ተነስቼ በእጄ ነገርኩት። አስተማሪው ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ አርገበገበልኝ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ያን ቀን ከመካኒሳ እስከ ጎፋ እያፏጨሁ ሄድኩ።

ነገሩ ፀጉር ቤትም ተከተለኝ። ተዘግቶ የማያውቀው አፌ ወሬ ቀነሰ። ደንበኞቼ "ታመሃል?" ይሉኛል። ስቆርጥ አያለሁ፣ ያውም ያለ መስታወት። ቀያሹን አሥር ዓመት ስቆርጣቸው ከቀኝ ጆሯቸው ጀርባ አሮጌ ጠባሳ እንዳለ አላውቅም ነበር። "ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?" አልኳቸው። በልጅነታቸው ከዛፍ ወድቀው ነው። ስለ ዛፉ፣ ስለ ወንድማቸው፣ ስለ እናታቸው ቁጣ ሲነግሩኝ ግማሽ ሰዓት ሄደ፤ እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ሲወጡ "ዛሬ በጣም አወራን" አሉኝ።

ልጄ ቶሎ አልተሸነፈችልኝም። መጀመሪያ ላይ በምልክቴ ትስቅ ነበር፣ ከዚያ ማረም ጀመረች። ባለቤቴ ዘዴኛ ናት፤ እኛ እጃችንን ባነሳን ቁጥር አንድ ሥራ ትዝ ይላትና ወጥታ ትሄዳለች። ልጅቷ የምትዞርበት ስታጣ ለእኔ መመለስ ግድ ሆነባት። አንድ ቀን መስማት የተሳናቸው ሰዎች ለሚያውቁት ሰው ሁሉ የምልክት መጠሪያ እንደሚያወጡ ነገረችኝና የእኔን አሳየችኝ። ሁለት ጣት እንደ መቀስ ይከፈታል ይዘጋል፤ ከዚያ አራቱ ጣቶች ከአውራ ጣት ጋር ገጥመው ሳያቋርጡ ይንቀሳቀሳሉ፣ እንደ አፍ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ እኔን የሚያውቀኝ በዚህ ነው። "ሁልጊዜ ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል" አለችኝ። "ማንም ባይኖርም።" ተናደድኩ። ከዚያ ቀያሹ ሲመጡ ራሴው አሳየኋቸው።

ግንቦት ላይ አንድ ሰኞ ቀን፣ ሰኞ ፀጉር ቤቱን እዘጋለሁ፣ ከትምህርት ቤት ልወስዳት ሄድኩ። እያወራን በእግራችን መጣን። በእጅ እያወሩ መሄድ ቀላል እንዳይመስላችሁ። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ጓደኛህን ካየህ መንገዱን አታይም፣ መንገዱን ካየህ ጓደኛህን አትሰማም። እሷ ለምዳዋለች፤ በዓይኗ ጠርዝ እያየች ትሄዳለች። እኔ አንዴ ከግንድ ጋር ተላተምኩ፣ አንዴ ቦይ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባሁ። አንዲት በቆሎ የምትጠብስ ሴት "ኧረ ጌታዬ መንገድዎን ይዩ!" አለችኝ። ልጄ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስትስቅ ድምፅ አላት፤ ጥርት ያለ ድምፅ።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ጫማዬ ውስጥ የገባውን ውሃ ላፍስስ ብዬ ከድልድዩ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ተቀመጠች። አስተማሪያቸው የሕይወት ታሪካቸውን እንዲጽፉ አዝዟቸዋል፤ ደብተሯን አወጣች። የተወለደችበትን ጽፋለች፣ ሰፈሯን ጽፋለች። ከዚያ ባዶ መስመር አለ። ትከሻዬን ነካ አድርጋ እንዳያት አደረገችና፣ "የታመምኩ ቀን አንተ የት ነበርክ?" አለችኝ።

አልገባኝም ማለት እችል ነበር። ደካማ ተማሪ መሆኔን ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያውቃል። አንገቴ በራሱ ጊዜ ተደፋ፤ ወንዙን አየሁ፣ እርጥብ ካልሲዬን አየሁ። እሷ አልነካችኝም፣ አገጬንም አልያዘችም። ጠበቀችኝ ብቻ። ቀና ስል እጇ አሁንም ጥያቄው ላይ እንደቆመ ነበር።

በአፌ ቢሆን ኖሮ አውቅበት ነበር። በዓል ስለመሆኑ፣ ስለ ሰልፉ፣ ያን ጊዜ የበሽታው ምልክት ለማንም ግልጽ ስላለመሆኑ፣ ሰው ስለመሆኔ አንድ ሰዓት እደረድር ነበር፤ መጨረሻ ላይ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ እሷም እኔም አናውቅም። በእጄ ግን ያሉኝ ቃላት ጥቂት ነበሩ። የሰበብ ምልክት ገና አልተማርኩም።

"ፀጉር ቤት" አልኳት። "በዓል ነበር። ሰው ብዙ። እናትሽ መጣች፣ 'ልጄ ታማለች' አለች። እኔ 'ቆይ' አልኩ። ሥራዬን ቀጠልኩ። ቆየን። ጥፋቱ የኔ ነው።"

 የመጨረሻውን ያበላሸሁት መሰለኝና ደገምኩት። "የኔ ነው።"

ልጄ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ፊቷ ላይ ምን እንዳለ ማንበብ አልቻልኩም። ድልድዩ ላይ ሰው ያልፋል፣ አንድ መኪና ያልፋል። ከዚያ እጇን አነሳች።

"አውቃለሁ" አለችኝ። "ስምንት ዓመቴ እያለ እማዬ ነግራኛለች።"

"ታዲያ ለምን ጠየቅሽኝ?"

"አንተ እስክትነግረኝ እየጠበቅኩ ነበር። መጀመሪያ ቋንቋ አልነበረህም። ከዚያ ክፍል ደገምክ።"

አምስት ዓመት ጠብቃኛለች። እኔ ጥያቄው እንዳይመጣ ስሸሽ፣ እሷ መልሱን ይዛ እኔን ስትጠብቅ። እንባዬ መጣ። ሰው ሊያየኝ ይችላል ብዬ እንኳ አላሰብኩም፤ መዳፌን ዓይኔ ላይ ጭኜ እዚያው ድንጋይ ላይ እንደ ሕፃን ልጅ አለቀስኩ።

ትንሽ ቆይቶ ሁለት ትንንሽ እጆች መዳፌን ከፊቴ ላይ አወረዱት።

"ስታለቅስ ዓይንህን አትሸፍን" አለችኝ። "ገና አልጨረስኩም።"

ፊቴን በእጅጌዬ ጠራረግኩና ቀና አልኩ። እሷም ቀጠለች።